የጉማሬው ሆድ

ልጅቷ ዋሽታ ይሆን? አያትየዋ ይህን ጥያቄ ይዛ ተኝታ፣ ይዛው ነቃች። ሻይ ስትጥድም፣ መጋረጃውን ገልጣ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያደረውን ሰማይ ስታይም፣ ጥያቄው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ አልወርድ አላት። የልጅ ልጇን ከአራስነቷ ጀምሮ በእጇ ነው ያሳደገቻት። እናትየው ነርስ፣ አባትየው የአውቶቡስ ሾፌር፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ ትኩሳቷን የለካች፣ የጥርሷን መነቃነቅ የተከታተለች፣ ለትምህርት ቤት ጸጉሯን የጎነጎነች እሷ ናት። ድምቡሼ ያለቻትም እሷው ናት፤ ዛሬ ልጅቷ ቁመቷ ተመዞ ክር አክላለች፣ ስሙ ግን ሙጭጭ ብሎባት ቀርቷል። ድምቡሼ ታኮርፋለች። ካልሲዋን ሶፋ ስር ትወረውራለች። ጥርሴን ታጥቤያለሁ ብላ ሳትታጠብ የተኛችበት ምሽትም አይጠፋም። ግን ይህን ያህል፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ?

ነገሩ የመጣው ከሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል ነው። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ በየክረምቱ ለተማሪዎች የእጅ ሥራ ሥልጠና ይሰጣል። ዘንድሮ ድምቡሼ ሹራቡንም ጥልፉንም ትታ ሸክላውን መርጣ፣ በየቀኑ ጥፍሯ ሥር ጭቃ ይዛ ትመጣ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የለፋችበት አንድ ጉማሬ ነው፤ ተጋድሞ የሚያንቀላፋ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጆሮው ከአዝራር የማይበልጥ ጉማሬ። አያትየዋ መጀመሪያ ስታየው አሳማ መስሏት፣ አፍንጫውን ትንሽ አሹዪለት ብላ ብትመክር ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወለሉ ላይ ተንከባላለች። ባለፈው ቅዳሜ የምድር ቤቱ ጣሪያ ስላፈሰሰ መምህሯ ሁሉም ሥራውን ቤቱ ወስዶ እንዲያደርቅ አዝዛ ነበርና፣ ጉማሬው ቅዳሜንና እሁድን ፍሪጁ አናት ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት፣ እንደ ትልቅ እንግዳ ተከብሮ ሰነበተ። ሰኞ ተመልሶ ሄደ። ትናንት የሸክላ መተኮሻው ምድጃ ሲከፈት ጉማሬ የሚባል ነገር የለም። እሳቱ ውስጥ ፈንድቶ፣ አብሮት መደርደሪያው ላይ የነበረውን የልጆቹን ሥራ ሁሉ አድቅቆት ነበር።

መምህሯ ለአባትየው ደወለች። እሱ እየነዳ ስልክ አያነሳምና ተርሚናል ደርሶ መልሶ ደወለላት፤ ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ያናደደው መፈንዳቱ አልነበረም። የታዘዘችውን ሳታደርግ አድርጌያለሁ ብላ ሰው ሁሉ ፊት ድርቅ ማለቷ ነው። የታዘዘችው ምን እንደሆነ እናቱ፣ አያትየዋ፣ ብትጠይቀው፣ እኔ ስለ ጭቃ ምን አውቃለሁ፣ መምህሯ ግን ማስረጃውን በእጄ ይዣለሁ ብላለች አላት። ድምቡሼ «የተባልኩትን አድርጌያለሁ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አፏን የሚያስከፍት ጠፋ።

አሁን ጠዋት አባትየው የደንብ ልብሱን ሸሚዝ እየቆለፈ ፍርዱን ተናገረ። ሚስቱ ከሌሊት ተረኝነት ገብታ ተኝታለችና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አከበደው። ድምቡሼ እስከ ማታ ታስብ። ነገ ልጆቹ ፊት ቆማ ዋሽቻለሁ፣ ይቅርታ ካለች መምህሯ ትቀበላታለች። ካላለች ሥልጠናው አበቃ፤ እሱም ከእንግዲህ የምትለውን ሁሉ ለማመን ሁለቴ ያስባል። ይህችን የመጨረሻዋን ሲል ድምፁ ስብር አለ፤ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፣ እጁ ላይ ይዞት ነበር። ልጅቷ ዳቦዋን እየፈረፈረች ፍርፋሪውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች። በሩ እንደተዘጋ አያትየዋ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና ማባበሏን ተያያዘችው። አንዲት ቃል ናት። ብትናገሪያት ከላይሽ የሚቆረስ ነገር የለም። ይቅርታ ብለሽ ብትገላገዪ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ማንም አያስታውሰው፤ አንቺም ወደ ጭቃሽ ትመለሻለሽ፣ አባትሽም ይረጋጋል፣ እኔም እንቅልፍ አገኛለሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እማማ፣ አንቺ ታምኚኛለሽ?»

አያትየዋ ወዲያው መመለስ ነበረባት። ልቧ ወዲያና ወዲህ ሲል ጊዜው አለፈ። «እሱን ተይውና ሻይሽን ጠጪ፤ በረደብሽ» አለቻት። ድምቡሼ ኩባያውን ሳትነካ ተነስታ ክፍሏ ገባች።

ይህ ሲያንገበግባት ረፋዱ ላይ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። ሄዳ መምህሯን ልትለምን ነው፤ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ከተነጋገረ የማይለዝብ ነገር የለም ብላ ራሷን አጽናናች። ከሕንፃው ለመውጣት ግን መሬት ወለሉ ላይ ባለው ፋርማሲ ደጅ ማለፍ አለባት፤ የግፊት መድኃኒቷም አልቋል። ፋርማሲስቷ በሌላ ቀን ቢሆን ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት ብላ ወንበር ትስብላት፣ ግፊቷን በነፃ ትለካላት ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን መስታወቱ ላይ አስቀምጣ ዋጋው ጨምሯል ብቻ አለች። አያትየዋ ገና ስትገባ ነገሩን ከፊቷ አንብባዋለች፤ ጉማሬው ካደቀቃቸው መካከል የፋርማሲስቷ ልጅ የሠራችው የአበባ ማስቀመጫ አለበት። ሴትዮዋ መልሱን እየሰጠቻት፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ልጄ ስታለቅስ ነው ያደረችው አለች። ልጅ ያጠፋል፣ በጥፋቱ አልተቀየምኩም፤ ይቅርታ ማለት ግን ከቤት ነው የሚለመደው፣ አይደለም እንዴ እናቴ? አያትየዋ ነው እንጂ፣ ነው እንጂ ብላ ወጣች። «ነው እንጂ» ማለቷ የቆጫት መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ነው።

የማዕከሉ ምድር ቤት እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። በግድግዳው ዙሪያ የቆሙት የእንጨት መደርደሪያዎች ላይ በላስቲክ የተሸፈኑ እብጠቶች ተደርድረዋል፤ የቱ ሳህን፣ የቱ ፊት እንደሆነ አይለይም። ልጆቹ ገና አልገቡም። መምህሯ፣ ጣቶቿ በጭቃ ደርቀው የተሰነጣጠቁ ረዘም ያለች ሴት፣ የውሃ ባልዲ ውስጥ እጇን አለቅልቃ በርጩማ ሰጠቻት። አያትየዋ ሳትጠየቅ ጀመረች። ልጅቷ በሕፃንነቷ ጆሮዋን ታማ እንደነበር፣ እናትና አባቷ ሲባክኑ እንደሚውሉ፣ ልጅ ሲደነግጥ አፉ ላይ የመጣለትን እንደሚል፣ ሁሉንም አንድ ላይ አግተልትላ ተናገረች። መምህሯ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«እማማ፣ ሸክላ ይፈነዳል። የእኔም ስንቴ ፈንድቷል። በእሱ ልጅ አልቀጣም» አለች። ከዚያ በእርጋታ አስረዳቻት። ውስጡ ባዶ ሆኖ ዙሪያውን የተዘጋ ነገር ሁሉ፣ ኳስም ይሁን ጉማሬ፣ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለታል። ጭቃ ከላይ ሲያዩት የደረቀ ቢመስልም ሆዱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል፤ እሳት ሲያገኘው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ቤቱን አፍርሶ ይወጣል። ይህ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ከመተኮሱም በፊት እያንዳንዳቸውን በስታችኋል ወይ ብላ ጠይቃለች፤ ድምቡሼ በስቻለሁ አለች። ከፈነዳም በኋላ በስቻለሁ አለች። መምህሯ ይህን ብላ ከጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታህል ስባሪ አንስታ ሰጠቻት።

«ይኸው ሆዱ። ሳይደቅ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ቀዳዳ ያያሉ?»

አያትየዋ መነጽሯን አደረገች። ቀዳዳ የለም። ቀዳዳው ሊኖር የሚችልበት ቦታ ላይ ግን ክብ ነገር ነበር፤ ከዙሪያው ትንሽ ፈዘዝ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ አንድ ጠርዙ ላይ የማንኪያ ጀርባ ያረፈበት የሚመስል ስርጉድ ያለው። እሁድ ጠዋት ቤቱ ሁሉ እንደተኛ፣ የረጠበውን ጋዜጣ ልትቀይር ጉማሬውን አንስታ ስትገለብጠው ሆዱ ላይ ያየችው ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እስክሪብቶ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ። ምስኪን ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለፍታ አንድ ነገር ወግቶባታል፣ ሲያዩባት ይስቁባታል አለች በልቧ። ልጅቷ በላስቲክ ቋጥራ ካመጣችው ትራፊ ጭቃ ቆንጥራ፣ በውሃ አልማ፣ ቀዳዳውን ደፈነችው። በማንኪያ ጀርባ እያሻሸች አለሰለሰችው። ልጅቷ እንዳታፍር ብላም ሳትነግራት፣ ጉማሬውን በንጹህ ጋዜጣ ላይ መልሳ አስተኛችው። የተቀደደ ካልሲ ያለፋት፣ የላላ አዝራር ያመለጣት ቀን የለም፤ ይህም እንደዚያው መስሏት ነው።

«ምናልባት...» አለች። «በስታው ስታበቃ ቢደፈንስ?»

«ማን ይደፍነዋል? ምን እንደሚሠራ እያወቀ የሚደፍን ሰው የለም» አለች መምህሯ። ልጅቷ ስንጥቅ ልትጠግን ሞክራበት ይሆናል፣ ምልክቱን እሷም አይታዋለች፤ ግን ስንጥቅ ነበር ብትል ምን ነበረበት። አያትየዋ እሱስ ልክ ነው አለች። ስባሪውን እንደ ትኩስ ነገር በጣቷ ጫፍ ይዛ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ልጆቹ እየተንጫጩ ደረጃውን ሲወርዱ ሰማች፤ ጃንጥላዋን አንስታ በመካከላቸው አለፈች።

መንገድ ላይ ዝናቡ ቢበረታም ጃንጥላውን መዘርጋቷን ረሳችው። አሁኑኑ ተመልሼ ልናገር ትላለች፤ እግሯ ግን ወደ ቤት ይወስዳታል። ባለፈው ወር የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ረስታው ውሃው ታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያ ድረስ ወርዶ ነበር። ልጇ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እማዬ አንቺ አትንኪው፣ እማዬ አንቺ ቁጭ በይ ይላታል፤ በረፍቱ ቀን የጋዝ ምድጃውን ሦስቴ እየተነሳ ያያል። አንድ ምሽት ደግሞ በግድግዳው በኩል ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ሰምታለች፤ ድምቡሼን የምትይዝ ሰው ብንቀጥርስ እየተባባሉ ነበር። አሁን ሄዳ ጉማሬውን ያፈነዳሁት እኔ ነኝ ብትል፣ ይኸው አላልኩሽም የሚባባሉት በቃል እንኳ አይሆንም፤ በዓይን ብቻ ይጨርሱታል። ከልጅቷ ጋር ቤት ውስጥ ብቻዋን መዋል የሚባል ነገር ያበቃል።

ቤት ስትደርስ ምራቷ ከእንቅልፍ ተነስታ ለተረኝነቷ እየለበሰች ነበር። መምህሯ ምን አሉ እማማ ብትላት፣ ያው ነው አለቻት። ምራቷ የጫማዋን ክር እያሰረች ብዙ ነገር ልትል የፈለገች ትመስል ነበር፤ ብቻ ትንፋሿን ለቅቃ፣ ልጄ ትዋሻለች ብዬ አላስብም ነበር አለችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ድምቡሼ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አያትየዋ የክፍሉ በር ላይ ቆመች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው «እንቁላል ልጥበስልሽ?» የሚል ነው። አልፈልግም አለች ልጅቷ። ተመልሳ ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ሳህን አጠበች። እንደገና ሄደች፤ መስኮቱ ብርድ ያስገባብሻል፣ ሹራብ ደርቢ አለቻት። ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበች። ለሦስተኛ ጊዜ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ተቀምጣም ስለ እንቁላል ዋጋ አወራች። የሁለት እንቁላል ዋጋ የአንድ ሳምንት ቀለብ አክሏል፣ ዶሮዎቹ ራሳቸው ቢሰሙ ይደነግጣሉ ብላ ቀለደች፤ በሌላ ቀን ልጅቷ ትስቅላት ነበር። ትከሻዋ እንኳ አልተነቃነቀም። አያትየዋ እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ልትዳብስ አስባ፣ ጣቶቿን አየችና መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

አባትየው ሲገባ ገና አልመሸም ነበር። ኮፍያውን ሳያወልቅ ድምቡሼ ራሷ ከክፍሏ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች፤ ጸጉሯን ያለማንም እርዳታ ወደ ኋላ ሰብስባ አስራለች። ሳሎኑ መካከል፣ እጆቿን ከጎንና ከጎን አድርጋ ቆመች።

«ረስቼው ነው» አለች። «አልበሳሁትም። ዋሽቻለሁ።»

አባትየው ቀኑን ሙሉ የተሸከመውን ነገር ያወረደ ይመስል ትከሻው ረገብ አለ፤ ተጠግቶም አናቷን ሳመ። ይህን ለማለት ምን ያስቸግር ነበር፣ ድምቡሼ? ነገም እንዲሁ ብለሽ ትገላገያለሽ፣ እኔም በአውቶቡሱ እዚያው በር ድረስ አደርስሻለሁ፣ ተሳፋሪው ቢጮህም ይጩህ አለ። ራሱ ሄዶ ሾርባውን አሞቀ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ አንድ ተሳፋሪ ዶሮ ይዞ ገብቶ ለዶሮዋ ወንበር ይገባታል ብሎ እንዴት እንደተከራከረ እያስመሰለ አወራ። ሦስቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ሳቂ ያሏት ይመስል ከንፈሯን ከፈት ታደርጋለች። አያትየዋ ማንኪያውን ይዛ ታያታለች። ጠዋት ያቺን ቃል በያት ያለቻት እሷ ናት፤ ልጅቷም እንደታዘዘችው አለቻት። አሁን ግን ያ ትናንት እልህ ሲንቀለቀልበት የነበረው ፊት፣ የአውቶቡስ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ሆኗል። አያትየዋ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አልዋሸችም» አለች። «ቀዳዳውን በስታዋለች። እሁድ ጠዋት የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ልጇ ዳቦውን እንደያዘ ፈገግ አለ። እናቱን ያውቃታል። እሱ በልጅነቱ የጎረቤት መስታወት በኳስ ሲሰብር፣ መጥረጊያዬ መትቶት ነው ብላ ሄዳ የተሰደበች እሷ ናት። እማዬ፣ ተይ እስቲ አላት፤ ከትናንት ጀምሮ ደክመን አሁን ገና እውነቱን ተናገረች፣ አንቺ ደግሞ መልሰሽ አታበላሺብን። አያትየዋ እሱን አልተመለከተችም። ልጅቷ ማኘኳን አቁማ ነበር።

«የት ጋ ነበር?» አለች ድምቡሼ።

«ከሆዱ ሥር፣ ወደ ኋላ ግራ እግሩ ጠጋ ብሎ። እስክሪብቶ የወጋው መስሎኝ። ባመጣሽው ትራፊ ጭቃ ሞላሁት፣ በማንኪያ አለሰለስኩት። ሰው አይቶ እንዳይስቅብሽ ብዬ።»

የአባትየው ፈገግታ ቦታውን ሳይለቅ ባዶውን ቀረ። ዳቦውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰ። ታች መንገድ ላይ አንድ መኪና ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ከዚያ ጥሩንባው ቆመ።

«ጠዋት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ጠዋት አላውቅም ነበር። መምህሯ ጋ ሄጄ ሆዱን ስታሳየኝ ነው ያወቅሁት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

አያትየዋ ስለ ቧንቧው ልትነግራት ፈለገች፤ በግድግዳው በኩል ስለሰማችው ልትነግራት ፈለገች፤ በሩ ላይ እየመጣች ቃሉ እንዴት እንዳልወጣላት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ምላሷ እንዴት እንደተሳሰረ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ለልጅቷ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

«ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ» አለች።

አባትየው የልጅቷን እጅ ሊይዝ እጁን በጠረጴዛው ላይ ሰደደ። ድምቡሼ እጇን ቀድማ አንስታ ነበር። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተነሳች፤ ሳህኗን ወስዳ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠች፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ክሩን አንዱን ካንዱ እያስተካከለች አሰረች። ጃኬቷን ከመስቀያው አወረደች። አባትየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ልጅቷ ወደ ሁለቱም ሳታይ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ሳታላጋም ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።